ከወንዙ ወዲህ ግዴታ የለም አሉኝ

እማዬ፣ እንዴት ነሽ ልልሽ ጀመርኩና ለሞተ ሰው እንዴት ነሽ ይባላል ወይ ብዬ ቆምኩ፣ አላውቅም፣ ብቻ አፈሩ ይቅለልሽ። ከተለየሽኝ ስምንት ወር ሞላ። ጽሕፈቴን ታውቂዋለሽ፣ ስድስተኛ ክፍል ላይ የቀረ ጽሕፈት ነው፣ እንደምንም አንብቢው።

ቤቱ ተለውጧል። ሆፕኪንስ ያለውን የአፓርታማችንን ኪራይ ብቻዬን ስላልቻልኩት ሰናይትን አስገባኋት፣ ያቺ ዌርሃውስ፣ ዕቃ መጋዘኑ ውስጥ፣ አብራኝ የምትሠራው፣ ሳቋ ጎረቤት የሚረብሸው። ያንቺን ክፍል ነው የሰጠኋት፣ አትቀየሚኝ። ቀሚሶችሽን ለሰው ሰጠሁ፣ አረንጓዴውን ሹራብ ግን ሥራ ለብሼው እሄዳለሁ። እሱን ለብሰሽ በረዶ ላይ ክንዴን ይዘሽ ስንሄድ ሁለታችንም ተንሸራተን ወድቀን፣ ተነሺ አንቺ ሰው አየን እያልሽኝ ራስሽ ሳቅ ይዞሽ መነሳት ያቃተሽ ትዝ ይለኛል።

አሁን የምነግርሽ አለ፣ እንዳትደነግጪ እማዬ፣ አርግዣለሁ። ዘጠኝ ሳምንት ነው። ሰውዬውን አታውቂውም፣ አንቺ ከሞትሽ በኋላ ነው የመጣው፣ ትራክ ይነዳል፣ ስነግረው መልሼ እደውላለሁ አለኝ፣ ይኸው ሦስት ሳምንቱ አልደወለም። ልውለደው ላስወርደው አላውቅም። ጠዋት እወልዳለሁ ብዬ እነሳለሁ፣ ምሳ ሰዓት ላይ በምን አቅሜ እላለሁ፣ ማታ ሁለቱም ያስፈራኛል።

ለሰናይት ነገርኳት። እሷ ከዚህ በፊት ከወንዙ ማዶ፣ ጎረቤት ስቴት ዊስኮንሲን ትኖር ነበር፣ እዚያ አንድ ጓደኛዋን ክሊኒክ ስለሸኘች ሁሉን የምታውቅ ነው የሚመስላት። አንቺ ልጅ ሕግ ነው እኮ፣ በግድ አልትራሳውንድ ያነሱሻል፣ ስክሪኑን ወዳንቺ አዙረው ይኼ ልቡ ነው ይኼ እጁ ነው ይሉሻል፣ ከዚያ ደግሞ ሂጂ አንድ ቀን አስቢበት ብለው ይመልሱሻል አለችኝ። ፈራሁ። ግን ለማንም ያልነገርኩትን ላንቺ ልንገርሽ፣ ደስም አለኝ። በግድ ካሳዩኝ እንግዲህ አይቼ አለቅሳለሁ፣ ወይ ማስወረዱን ትቼ እወጣለሁ ወይ ይፈጸማል፣ ምንም ቢሆን ግን ሕጉ ነው እላለሁ፣ እኔ አይደለሁም እላለሁ ብዬ ነው።

ማክሰኞ ሺፍቴን ቀይሬ ሴንት ፖል ያለ ክሊኒክ ሄድኩ። ነርሷ ጠና ያለች ሴት ናት፣ በስልክ ከአስተርጓሚ አገናኘችኝ። ጤና ይስጥልኝ ያለችው ድምፅ፣ እማዬ፣ እሁድ እሁድ ቸርች ማስታወቂያ የምታነብልን ሴትዮ ናት! ወይ ትመስላለች፣ እስካሁን አላረጋገጥኩም፣ የስልክ አስተርጓሚ የመለያ ቁጥሩን እንጂ ስሙን አይናገርም። ከተማው ትልቅ ነው ይባላል እንጂ ለኛ ለአማርኛ ተናጋሪው አንድ ሰፈር ነው። አስተርጓሚ አልፈልግም፣ እንግሊዝኛ እችላለሁ ብዬ ስልኩን አስዘጋሁት። እችላለሁ! እኔ! ሳጥን ላይ ያለ አድራሻ የማነበው።

ከዚያማ ነርሷ ታወራለች፣ እኔ የስ እላለሁ፣ ታወራለች፣ ኦኬ እላለሁ። አልትራሳውንዱ ጋ ስተኛ ዓይኔን ጨፈንኩ። ማየት ትፈልጊያለሽ ወይ አለችኝ፣ ይቺ ገባችኝ። ሕግ አይደል እንዴ አልኳት። ቀስ ብላ፣ በእጇም እያሳየች፣ እሱ የማዶዎቹ ነው፣ እዚህ ሚኒሶታ ግዴታ የለም፣ ከፈለግሽ ታያለሽ፣ ካልፈለግሽ ትተይዋለሽ አለችኝ። ከፈለግሽ! ማን ብሎኝ ያውቃል? ምን እንደምፈልግ ራሴን ብጠይቅ ባዶ ሆነብኝ። ስለዚህ አላየሁም፣ እምቢ ብዬ ሳይሆን መልስ አጥቼ ነው።

ቀጥሎ ወረቀት አመጣች፣ ግን ከመፈረምሽ በፊት የነገርኩሽን በራስሽ አባባል መልሰሽ ንገሪኝ አለች። ስለ ኪኒን ነው አልኳት፣ ከዚያ ሁሉ ወሬ የያዝኩት እሱን ብቻ ነው። አልተቆጣችም፣ እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰደችና ሳይገባሽ አላስፈርምሽም፣ ሐሙስ ነይ፣ የሚያውቅሽ ሰው እንዳይሆን ሌላ ስቴት ያለ አስተርጓሚ እጠይቅልሻለሁ አለችኝ።

ፓርኪንጉ ላይ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ያለቀስኩት ስለ ራሴ አይደለም እማዬ፣ ስላንቺ ነው። አንቺ ሆስፒታል የተኛሽ ጊዜ ወንድምሽ ጋሼ መስፍን አስተርጓሚ አያስፈልግም፣ ቤተሰብ አለን ብሎ ሐኪሙን ለብቻው አነጋገረው። ኮሪደሩ ላይ ካንሰር ነው አለኝ፣ ለበሽተኛ እንዲህ አይነገርም፣ ተስፋ ትቆርጣለች፣ ጨጓራ ነው በያት አለኝ። አልኩሽ። የቀዶ ጥገናውን ወረቀት ይዤ እዚህ ጋ ፈርሚ ያልኩሽም እኔ ነኝ። አንቺ ምንም ሳትጠይቂ ልጄ ካለች ብለሽ ፈረምሽ። ከዚያ በሦስት ሳምንትሽ ሞትሽ። ብታውቂ ኖሮ ቀዶ ጥገናው ይቅርብኝ ትዪ ነበር? ለማን ምን ትዪ ነበር? የደበቅንሽ ስለምንወድሽ መስሎኝ ነው እኮ። አሁን ግን እንጃ፣ ይቅር በይኝ።

ነገ ሐሙስ ነው። አሁንም አልወሰንኩም፣ እሄዳለሁ ግን። አስተርጓሚዋ ያቺው ሴትዮ ብትሆንም እንኳ ስልኩን አላስዘጋም፣ ያልገባኝን አልገባኝም እላለሁ፣ ኪኒኑ ምን እንደሚያደርገኝ፣ በኋላ መውለድ እንደምችል፣ ብወልደውስ ማን እንደሚያግዘኝ፣ ሁሉንም እጠይቃለሁ። ከዚያ ወይ እፈርማለሁ ወይ አልፈርምም፣ እኔ ነኝ፣ ሌላ ሰው የለበትም፣ እንዴት እንደሚያስፈራ ብታይ።

አንቺ ግን ወረቀቱ ላይ ስምሽን ስትጽፊ አንገትሽን ዘንበል አድርገሽ፣ ፊደሉ እንዳይበላሽብሽ ተጠንቅቀሽ፣ ጨርሰሽም እንዲህ ነው ብለሽ ቀና ብለሽ አየሽኝ። እሱን እስክሞት አልረሳውም።

ልጅሽ