ዲስከሱን ሣሩ ላይ ያስቀመጥኩበት ቀን

ይድረስ ለእማዬ፣

በሐሳብ ደጃፍሽ ደርሼ የማልመለስበት ቀን የለም። እንዴት ከረምሽ? ጉልበትሽስ? ደረጃ ስትወጪ አሁንም ያስቃስትሻል ወይስ ለቀቅ አደረገሽ? የአባባ ሳል እንዴት ሆነ? እንቅልፍ ይወስደዋል? እኔ አለሁ። እንደ ወትሮው «ደህና ነኝ» ብዬ እንዳላልፈው ግን ዛሬ የምነግርሽ ነገር አለኝ።

የእሑዱን ወሬ ሬዲዮው ሳያደርስሽ አልቀረም። ከእኔም ስሚው።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በዲስከስ ውርወራ የቀደመኝ የለም። ልጅ ሳለሁ «ይህን ትከሻ ይዛ ማን ያገባታል?» እያሉ የሚያሳቅቁሽ ጎረቤቶች፣ ኋላ በዚያው ትከሻ ሲኮሩ አይተሻል። እዚህም ክቡ ውስጥ ስሽከረከር አይተው «መንኮራኩር» የሚል ስም አወጡልኝ። የሰፈሩ ዳቦ ጋጋሪ ግድግዳው ላይ ሥዕሌን አሣለ፤ አፍንጫዬን ቢያሰፋውም ይሁን ብዬ ተውኩት። ዳቦ ሰልፍ ላይ ያየኝ ሁሉ «እሷ ትቅደም» ይላል፤ ቀጥሎ ስንት ሜትር እንደወረወርኩ ይጠይቀኛል። ፍቅራቸው የእውነት ነበር። ከሜትሩ ሌላ የጠየቀኝ ግን አልነበረም።

እሑድ ስታዲየሙ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሁለተኛ ነበርኩ፤ አንድ ሙከራ ቀርቶኛል። ክንዴን ወደ ኋላ ስስብ ትከሻዬ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ ሲል ተሰማኝ። ሕመሙ አዲስ አልነበረም፤ ሁለት ዓመት ከሐኪሙ በቀር ከሰው ሁሉ ደብቄዋለሁ። ሐኪሙ፣ የትከሻሽ ጅማት አንዴ ከተበጠሰ በዚህ እጅሽ ፀጉርሽን እንኳ አታበጥሪም ብሎኝ ነበር። አሠልጣኜ ከዳር ሆኖ ወርውሪ እያለ በእጁ ያመለክተኛል፣ ሕዝቡ እያጨበጨበ ይጠራኛል። በዚያ ሁሉ ሰው መሀል እንደዚያ ብቻዬን ሆኜ አላውቅም። ዲስከሱን ሣሩ ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። ጭብጨባው ቀጥ አለ፤ ከዚያ ፉጨቱ እስከ መልበሻ ክፍል ተከተለኝ።

በማግስቱ ዳቦ ቤት ሄድኩ። ትቅደም ያለ አልነበረም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ቢባልም፣ ከኋላዬ «ፈርታ ነው» ሲሉ በደንብ ሰማሁ። ከፊቴ የቆሙ አንዲት አሮጊት ዞር ብለው በግራዬ ደግፌ የያዝኩትን ቀኝ እጄን አዩና፣

«ልጄ፣ ያምሻል እንዴ?» አሉኝ።

«አዎ፣ ያመኛል» አልኩ።

እዚያው ሰልፉ ላይ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። የእኔንም ዳቦ ይዘው እስከ በሬ አደረሱኝ። መንገዱን ሁሉ ስለ ትከሻዬ እንጂ ስለ ውርወራ አንዲት ቃል አልተነፈሱም።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ትዪኝ ነበር። አንቺንም ስለደበቅኩሽ ይቅር በዪኝ። ሐሙስ ቀዶ ሕክምና አለኝ። ማበጠሪያ ታነሻለሽ፣ ዲስከስ ግን በቃሽ ብለውኛል ሐኪሞቹ። አንዳንዴ ይቆጨኛል፣ አልዋሽሽም። ሰው ሲረሳኝ ምን እንደሚሰማኝም ገና አላውቅም።

አባባን ጉልበቱን ሳሚልኝ። ጋሼን፣ «ፈርታ ወጣች» ባለው የሬዲዮ ጋዜጠኛ አትናደድ በይልኝ፤ ሰውየው ያየውን ነው ያወራው። ጩጬዋ ፈተናዋ እንዴት እንደሆነ ራሷ ትጻፍልኝ። አክስቴንም አቅፈሽ ሰላም በይልኝ። ፊደሌ ተንጋዶ ብታዪው አትደንግጪ፤ በግራ እጄ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው።

ልጅሽ
ከመኝታ ክፍሌ፣ ማክሰኞ ጥቅምት 12