ዶክተሯ መንገድ ላይ ናት

የኔ አባዬ፣

እንደምን ሰነበትክ ብልህ መልስ አይመጣልኝም፤ ስለዚህ ወሬዬን ልቀጥል። ከተለየኸን ዓመት ሞላ። ትናንት ሙት ዓመትህን አወጣን፤ ከዩኒቨርሲቲ የመጣሁትም ለዚሁ ነው። ሰፈራችን ኒውላንድ ያው ነው፣ ሙቀቱ አናት ይበሳል። የማንጎ ዛፍህ ዘንድሮ እስኪሰበር አፈራ፣ ግማሹን የጎረቤት ልጆች ጨረሱት።

እማዬ ደህና ናት ብዬ አልዋሽህም። ሄዳ ታስተምራለች፣ ከሰው ጋር ትስቃለች፤ ስትተኛ ግን ፋኑን አሁንም ወደ አንተ ወገን ታዞረዋለች። እሷ በላብ ተነክራ፣ ባዶው ትራስ ሲነፍስበት ያድራል። አንዴ ወደ እሷ ላዞረው ስል እጄን ያዘችኝ፤ ከዚያ ወዲህ አልነካሁትም። ነጩ ጋዋንህም እዚያው ከበሩ ጀርባ ሚስማሩ ላይ ነው። ማንም ሳይለብሰው ታጥበዋለች፣ ተኩሳ መልሳ ትሰቅለዋለች።

አሁን ዋናውን ልንገርህ፤ እንዳትቆጣኝ። የመጀመሪያውን ዓመት ጨረስኩ፣ ውጤቴም ጥሩ ነው። የትምህርት ክፍል ምረጡ ተብለናል፤ ሕክምና ለመግባት ደግሞ ሌላ ፈተና አለው። እኔ ግን ኮምፒውተር ሳይንስ ልመርጥ ወስኜ ነበር የመጣሁት። ለማንም አልተናገርኩም። ጓደኞቼ ለፈተናው ሲያጠኑ አብሬያቸው እቀመጥና ኩላሊት የሚለው ምዕራፍ ላይ ስደርስ መጽሐፉን እዘጋዋለሁ። ዓይኔ ፊደሉን ያያል፣ እኔ የማየው አንተን ነው።

ያን መንገድ እንዴት ልርሳው? ኩላሊትህ ደክሞ ወደ ጅማ ሪፈር ተብለህ አምቡላንሱ ውስጥ ግሉኮስህን ከፍ አድርጌ ይዤ ነበር። ሽቅብ ወደ ቡሬ ስንወጣ ጠመዝማዛው አጥወለወለኝና ፌስታል ውስጥ አስታወክሁ። አንተ ፊትህ አብጦ፣ ትንፋሽህ እየተቆራረጠ፣ ሾፌሩን ቀስ በል፣ ልጄን እያመማት ነው አልከው። ቀጠልክና፣ በዚህ ሆድሽ ነው ዶክተር የምትሆኚው ብለህ ሳቅህብኝ። እኔም ሳቅሁ፣ ሞኝ! ጎሬ ሳንደርስ ሄድክ።

ዕድሜህን ሙሉ የሰው በሽተኛ ስታስታምም ኖረህ፣ ለአንተ ሲሆን መንገዱ ረዘመብህ። ተናድጄ ነበር፣ አባዬ። በሙያህም፣ በመንገዱም፣ በእግዜርም ተናድጄ ነበር። አባቴን ያላዳነ ትምህርት ለምኔ ነው እያልኩ ነው ዓመቱን የጨረስኩት።

ትየርኪዲን ታስታውሳለህ መቼም። አንድ ክረምት የምትሠራበት የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ ክሊኒክ ድረስ ይዘኸኝ ሄደህ ነበር። በኛ አገር መርፌ የያዘ ሁሉ ዶክተር ነው፤ ስደተኞቹም ዶክተር ይሉሃል። አንተ ደግሞ አይዋጥልህም፤ እኔ ነርስ ነኝ፣ ዶክተሯ መንገድ ላይ ናት ትልና እኔን በዓይንህ ትጠቅሰኛለህ። እኔ በሀፍረት መሬት መሬት አያለሁ። አንተ ግን እኔ በሌለሁበትም ይህንኑ ስትል ኖረሃል ለካ።

ትናንት ድንኳኑ ሊፈርስ ሲል ኛዳክ መጣች፤ ያቺ ክሊኒኩ ውስጥ ኑዌርኛ ታስተረጉምልህ የነበረችው የኢታንጓ ሴትዮ። ማሌ ብላ ሁላችንንም ሰላም አለች፣ እማዬ ጎን ተቀምጣ አለቀሰች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ መቼ ነው የምትደርሺው አለችኝ። ነገ በባጃጅ የምሄድ ነው የሚመስለው! የት ብላት ትየርኪዲ ነዋ አለች። ያን ቀልድህን እሷ ቀልድ ነው ብላ አላስተረጎመችውም፤ አንተ እንዳልከው ለታካሚዎቹ ሴቶች ታደርስላቸው ነበር፣ እነሱም አምነው ተቀበሉ። አሁንም ወረፋ ላይ ሆነው አባትየው ሞተ፣ ልጅቷስ የት ደረሰች እያሉ ይጠይቋታል።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ አንተ ላይ ሁለቱም ደርሷል። ሳቄና እንባዬ ባንዴ መጣ። ኛዳክን ገና ብዙ ዓመት ይቀረዋል፣ ፈተናውንም ልወድቅ እችላለሁ አልኳት። ምንም አልመሰላትም። መጠበቅ እንችላለን አለች፤ የማትመጪ ከሆነ ግን ንገሪኝ፣ ሰዎቹ በከንቱ አይጠብቁ።

አባዬ፣ አልመጣም የምትለው አንዲት ቃል ናት። ዓመቱን ሙሉ ለራሴ ስላት ከርሜ ኛዳክ ፊት አልወጣ አለችኝ። እማዬ ቀና ብላ ታየኛለች። እየመጣች ነው በያቸው አልኳት። ኛዳክ ራሷን ነቀነቀች፣ ነጠላዋን አስተካከለችና ወደ ኢታንግ መኪና ለመያዝ ሄደች። እማዬ እራት ላይ ከራሷ ድርሻ አንስታ አጎረሰችኝ።

ዛሬ ያን ምዕራፍ ከፈትኩት። እያለቀስኩ አነበብኩት፣ ግን ጨረስኩት። የገባኝ ግማሹ ነው፤ ነገ እደግመዋለሁ።

ሰፈሩ ከአሁኑ ዶክተር ይለኝ ጀምሯል። እኔም እንዳንተ ገና ነኝ እያልኩ አርማለሁ። አንተን ዶክተር ሲሉህ ግን አላርምም፤ ይቅር በለኝ፣ ደስ ይለኛል።

ማክሰኞ ወደ ዩኒቨርሲቲ እመለሳለሁ። መንገዱ ያው መንገድ ነው፤ ቡሬ ዳገት ላይ ማስታወኬ አይቀርም። አንተ የቀረህበት ቦታ ስደርስ ሳቅህን አስታውሳለሁ፤ በተመላለስኩ ቁጥርም፣ እስክሸብት ድረስ አስታውሰዋለሁ። ፌስታሌን ይዣለሁ፣ አታስብ።

መንገድ ላይ ያለችው ልጅህ