ሰው አልባ ስለተባለው ቱሉ ቀረሮ

ለክቡር ቀኛዝማች አምባዬ
የጄት አውሮፕላን ትርዒት አሰናጅ ኮሚቴ ሊቀ መንበር
ጎሬ

ጉዳዩ፦ የፊታችን ቅዳሜ እንዳንሞት ስለመለመን

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለተከበሩት ባለቤትዎ፣ ለልጆችዎና ዘንድሮ ደኅና አበባ ይዟል ለተባለው የቡና ተክልዎ የተሟላ ጤንነት ከልብ እመኛለሁ። የእኛን ጤና የጠየቁ እንደሆነ፣ ካለፈው ቅዳሜ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር ከቤታችን ከመጥፋቱና እህል ከጉሮሮአችን አልወርድ ከማለቱ በቀር እጅግ ደኅና ነን፤ ፈጣሪ ይመስገን።

እኔ ነዚፍ ሻፊ እባላለሁ፤ በጎሬ ገበያ አቡጀዲና ካኪ ሻጭ ነኝ። ይህንን ደብዳቤ በገበያው መግቢያ ላይ የምለጥፈው ክቡርነትዎን ለመድፈር አይደለም። በታሸገ ፖስታ ያስገባሁት ማመልከቻ በጸሐፊዎ ጠረጴዛ ላይ የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ሆኖ ስላየሁትና፣ ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ወረቀት ላይ ብርጭቆ ማስቀመጥ ስለማይቻል ብቻ ነው።

በቅድሚያ ስለተደረገልን ክብር ምስጋናዬ ይድረስዎ። የውጭ አገሩ ኩባንያ አየር ኃይላቸው አነስተኛ ለሆኑ አገሮች የሚሆን ርካሽና ቀላል ተዋጊ ጄት መሥራቱን፣ ገዢ ይሆናሉ የተባሉ የብዙ አገር መኮንኖች ሊያዩት ወደ ጎሬ መምጣታቸውን፣ የእኛ ከተማም የተመረጠችው ከሣር ሜዳችንና ከጭቃችን ላይ መነሳት የቻለ አውሮፕላን ከየትም ይነሳል ተብሎ መሆኑን በአዳራሹ ሲያስረዱን፣ ጭቃችን ለዚህ ማዕረግ በመብቃቱ ዕንባዬ መጥቶ ነበር። አሁን አቤቱታዬን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ገበያው። ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት እኔ ነጋዴ ነኝና፣ የኩባንያው ወኪል ስለ ዕቃው ሲናገር ከኋላ ቆሜ በጥሞና ሰምቻለሁ። ትልልቆቹ ጄቶች የሀብታም አገር ናቸው፤ ድሃ አገር ግን በዓለም ላይ ብዙ ነው፤ ሁሉም ደግሞ ጄት ያምረዋል፤ ስለዚህ ገበያው ሰፊ ነው አለ። እውነቱን ነው፤ እኔም ከሱፍ ይልቅ በአቡጀዲ ነው የምኖረው። ቀጥሎ ግን ዕቃው ሩቅ እንደማይሄድ፣ በደመና ውስጥ እንደማያይ፣ ከትልልቆቹ ጋር አየር ላይ ለመግጠም እንዳልተሠራ እየሳቀ ሲናገር፣ የነጋዴ ጭንቅላቴ አላርፍ አለኝ። ሩቅ የማይሄድ፣ ከብርቱ የማይገጥም ተዋጊ የገዛ ሰው ታዲያ በማን ላይ ያውለዋል? ይህን እያሰብሁ ሳለ አንድ ደረቱ በኒሻን የተሞላ እንግዳ ብድግ ብሎ፣ ዛፍ ሥር በተደበቀ ሰው ላይ እንዴት ነው ብሎ ጠየቀ። ወኪሉ ፊቱ በራ፤ እሱንማ ቅዳሜ በዓይንዎ ያዩታል አለ። ክቡርነትዎም አጨበጨቡ። እኔ ግን ከአዳራሹ ወጣሁ። ጨርቅ ስሸጥ ገዢው እንዲያምነኝ ከዳር ትንሽ ቀድጄ አሳያለሁ፤ ለካ ለዚህ ዕቃ የምንቀደደው እኛ ነን።

ሁለተኛ፤ ስለ ዒላማው። ዒላማው መጀመሪያ ታስቦ የነበረው በክቡርነትዎ የቡና ተክል ጥግ ባለው ባዶ ሜዳ ላይ እንደነበር፣ ነገር ግን ጩኸቱ አበባውን እንዳያረግፈው ተሰግቶ ወደ ቱሉ ቀረሮ መዛወሩን ሰምተናል። ለአበባው ያሳዩት ርኅራኄ ልባችንን ነክቶታል። በማስታወቂያው ላይ ቱሉ ቀረሮ «ሰው አልባ ጉብታ» ተብሏል። ኮሚቴው ሄዶ ያየው በጸጥታ ቀን ነውና አልዋሸም፤ በጸጥታ ቀን ማንም የለበትም።

ክቡርነትዎ ከሌላ ጠቅላይ ግዛት ተሹመው ስለመጡ የነገረዎት ሰው አይኖር ይሆናል እንጂ፣ ያ ጉብታ የእኛ መሸሸጊያ ነው። በጣሊያን ጊዜ አውሮፕላን ሲመጣ አባቶቻችን የሚሮጡት ወደዚያ ነበር፤ እንዳይረጋገጡም እያንዳንዱ ሰፈር የየራሱን የቀረሮ ዛፍ ያዘ። ጣሊያን ወጣ፣ ዛፉ ግን ቀረ። እስከዛሬ በጎሬ ክርስቲያኑም እስላሙም ልጅ ሲወልድ ስም ካወጣለት በኋላ ወስዶ ዛፉን ያሳየዋል፤ በየዓመቱ በነፃነት በዓል ማግስት እያንዳንዱ ሰፈር በየዛፉ ሥር ቆሎ ይቆረጥማል፤ ልጆችም ከገበያ እስከ ዛፋቸው ይሽቀዳደማሉ። ጨዋታ ነው የሚመስለው። እኔም ባለፈው ቅዳሜ እስካየሁት ድረስ ጨዋታ ይመስለኝ ነበር።

ሦስተኛ፤ ስለ ባለፈው ቅዳሜ። ለልምምድ ተብሎ ጄቱ ገበያ በደራበት ሰዓት መጣ። የመንገደኛውን አውሮፕላን ድምፅ ለምደነዋል፤ ከሩቅ እያጉረመረመ ስለሚመጣ ቀና ብሎ የሚያየውም የለም። ይኸኛው ግን ካለፈ በኋላ ነው ሰማይ የሚቀደደው። ጉድ እኮ ነው! አንድ ሰው እንኳ «ሩጡ» አላለም። ቅቤው፣ ማሩ፣ ጨርቁ ሁሉ እንደተዘረጋ ቀርቶ ገበያው በሙሉ ወደ ቱሉ ቀረሮ ተመመ። ነፍሰ ጡር የሆነችው ባለቤቴ ዘህራ፣ ወሯ ገብቶ ከወንበር ለመነሳት እጄን የምትይዘው ዘህራ፣ ቀድማኝ ሮጠች። ጎረቤታችን እትዬ ተስፋነሽ፣ በምርኩዝ የሚሄዱት፣ ምርኩዛቸውን ጥለው ሮጡ። እኔም ሮጥሁ፤ ማን ልቤን ይዞልኝ!

ጄቱ ተመልሶ መጥቶ በቦምብ ፈንታ ኖራ የታጨቀ ከረጢት ጣለ። ከረጢቱ ያረፈው የእኛ ሰፈር ዛፍ ላይ ነው። አቧራው ሲገለጥ እትዬ ተስፋነሽ ከራስ ፀጉራቸው እስከ እግራቸው ነጭ ሆነው፣ ዓይናቸውን እንደገለጡ፣ ግንዱን አቅፈው ቆመዋል። በሕይወት መኖራቸውን ያወቅሁት ከንፈራቸው ሲንቀጠቀጥ አይቼ ነው። ይኼው እስከዛሬ አንድ ቃል አልወጣቸውም፤ ዘህራ በማንኪያ ሾርባ ታጠጣቸዋለች። ከተጋባዦቹ ዳስ ግን ኖራው ከዛፉ ሥር ቦግ ብሎ ሲታይ ጭብጨባው እስከ እኛ ድረስ ተሰምቷል። ወኪሉ ልክ መሐሉን አገኘው ማለቱንም ሰምተናል፤ እውነቱን ነው፣ የእትዬ ተስፋነሽን መሐል አናት አግኝቶታል።

የፊታችን ቅዳሜ ኖራ ሳይሆን እውነተኛው ቦምብ ነው።

አራተኛ፤ ስለ መፍትሔው። ክቡርነትዎ ነገሩን ሲሰሙ፣ ሕዝቡ ባለበት ቆሞ እያጨበጨበ እንዲመለከት፣ የሮጠም እንዲቀጣ በነጋሪት ስላስነገሩልን እጅ ነሥቻለሁ። አዋጁን ሁላችንም ሰምተናል፣ ሁላችንም እሺ ብለናል። ችግሩ እግራችን አለመስማቱ ነው። ዘህራን፣ አደራሽን፣ ስለ ሆድሽ ብለሽ ከሱቁ እንዳትንቀሳቀሺ ብዬ ለመንኋት። «ያን ዕለትም እኔ አልሮጥሁም፣ እግሬ ነው የሮጠው» አለችኝ። አልዋሸችም፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ የተማረችው ነው። ታዲያ በየትኛው ነጋሪት እናስረሳት? ቤት ቆልፌባት ልቀመጥ ብልስ፣ እኔንስ ማን ይቆልፍብኛል?

ክቡር ሆይ፤ እስካሁን እንደ ደንቡ አሽሟጠጥሁ፤ አሁን ግን ሽሙጡ አልወጣ አለኝ። ፈርቻለሁ። ሌሊት የዘህራን ሆድ በእጄ ይዤ አድራለሁ። ልጁ ሲራገጥ እሱም ከአሁኑ የሚሮጥ እየመሰለኝ እደነግጣለሁ። የምለምንዎት ነገር ትንሽ ነው፤ ዒላማውን ያንሱልን። በሶር ወንዝ ማዶ ሰው የማያውቀው ገደል ሞልቷል። ቡናዎ አጠገብ ያለው ሜዳም እስካሁን ባዶ ነው፤ ማንም ወደዚያ አይሮጥም፣ ዘበኛዎ ያባርራልና።

ለደረሰብን ክብር፣ ለተነገረልን ነጋሪት፣ ለወደቀብንም ኖራ ዳግመኛ እያመሰገንሁ፣ አበባዎ ሳይረግፍ ለፍሬ እንዲበቃ፣ ልጆችዎም የሚሮጡበት ዛፍ ሳያስፈልጋቸው እንዲያድጉ ዘወትር በመመኘት፣ ከእግርዎ ሥር ዝቅ ብዬ፣ በተለይም ጄቱ በሚያልፍበት ሰዓት በጣም ዝቅ ብዬ፣ እሰናበታለሁ።

ትሑት አገልጋይዎ
ነዚፍ ሻፊ
ጎሬ፣ ጥር ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ግልባጭ፦
ማንበብ ለሚችል ገበያተኛ ሁሉ፤ ለማይችልም ይነበብለት ዘንድ።

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ከዚህ በታች ያለው በእርሳስ በመጻፉ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ፊርማዬን አኑሬ ቀለሙ እስኪደርቅ ስጠብቅ ጄቱ ሳይነገረን ለሌላ ልምምድ መጥቶ አለፈ። ቀለሙ ሱቅ ውስጥ ቀርቷል፤ እኔ ደግሞ ወረቀቱን በእጄ እንደያዝሁ ራሴን ያገኘሁት ከዛፋችን ሥር ነው። ነጋሪቱን የሰማን ሁሉ እዚህ ነን። ዘህራ ግንዱን ተደግፋ ትንፋሿን ትሰበስባለች፤ ምጥ ይሁን ድንጋጤ ገና አላወቅንም። እትዬ ተስፋነሽ ሾርባ ከሚጠጡበት አልጋ ተነስተው እንዴት ቀድመውን እንደደረሱ የሚያውቅ የለም። እንግዲህ ለደብዳቤዬ መልስ የሚልኩ ከሆነ አድራሻችን ቱሉ ቀረሮ፣ በኖራ የነጣው ዛፍ ሥር ነው። ከመልስ ሌላ የሚልኩልን ነገር ካለም፣ ሰው እንዳለበት ከዛሬ ጀምሮ ያውቃሉ።