ታሽጎ የዳነው ክንድ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16፤ ሄሊዮፖሊስ

ዛሬ የማዳም ፋሻ ተፈታ። የቆዳ ሐኪሙ ግራ ክንዳቸውን ጥብቅ አድርጎ ካሸገው ሁለት ሳምንት ሆኖት ነበር። መጀመሪያ እከክ ነው ተብሎ እኔም ሠራተኛቸው ተመርምሬ ነበር፤ ምንም አልተገኘብኝም። ከፋሻው ሥር የነበሩት ቁስሎች ሁሉ ድነዋል። ጭናቸው ላይ ግን ቀኝ እጃቸው በሚደርስበት ቦታ አዲስ ቁስል ወጥቷል።

ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ጠራኝና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በገዛ እጃቸው ነው የሚያቆስሉት። ራሳቸውም ላያውቁት ይችላሉ። እንዳትቆጪያቸው። ቀስ ብለን ከአእምሮ ሐኪም ጋር እናገናኛቸዋለን።»

ልጃቸው ከተቀበረ ወዲህ እንደጀመራቸው ነገርኩት። አንገቱን ነቅንቆ ጻፈው።

ታክሲ ውስጥ ማዳም የዳነውን ክንዳቸውን እየዳበሱ ፈገግ አሉ። ከቀብሩ ወዲህ ፈገግ ሲሉ ገና ማየቴ ነው።

«አየሽ ሰዓዳ? ፋሻው ስላለ አልመጣም።»

«ማን ነው ያልመጣው፣ ማዳም?»

«የሚቧጭረኝ ነዋ። ኸላስ፣ በቃ፣ ቤት ስንገባ መላ ሰውነቴን ጠቅልይልኝ።»

«እሺ» አልኩ። ቤት ገብተን ሶፋው ላይ አጠገባቸው ተቀመጥኩና ቀኝ እጃቸውን በሁለት እጄ ያዝኩት። ጥፍራቸው ሥር ደም ደርቋል።

«ምነው» አሉኝ፣ «እጄን ለምን አጥብቀሽ ያዝሽው?»

እጃቸውን አልለቀቅኩትም።