ግራ እጃቸውን ያመኑት አቶ ቶጋር ሲናምበላ

በዚህ ወረቀት ሽፋን ላይ አቶ ቶጋር ሲናምበላ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1964 ነው ተብሎ ታትሟል። ትክክለኛው 1961 ነው። ስህተቱን ያየነው ሁለት መቶው ሽፋን ታትሞ ካለቀ በኋላ ስለሆነ ይቅርታ እንጠይቃለን። እሳቸው ቢኖሩ አያሳልፉትም ነበር።

አቶ ቶጋር በኢንዶኔዥያ በቶባ ሐይቅ ዳር በባሊጌ ከተማ ከጀልባ ነጂው ከአቶ ጃሚን ሲናምበላና ከወይዘሮ ቲዮር ሲሬጋር ተወለዱ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው አጠናቀው ወደ ሜዳን ከተማ በመሄድ፣ በ1984 የፓልም ዘይት ውጤቶችን በሚያመርት ፋብሪካ በናሙና መርማሪነት ተቀጠሩ። የሚመረምሩት አይሶፕሮፒል ፓልሚቴት የሚባለውን፣ ክሬም ሳይጣበቅ ቆዳን እንዲያለሰልስ የሚያደርገውን ውሃ መሳይ ፈሳሽ ነበር። ከመሣሪያው ሌላ የራሳቸው ልማድ ነበራቸው፤ ከየታንከሩ ሲቀዱ ጠብታ በእጃቸው ጀርባ ይቀባሉ። ባልደረቦቻቸው "ጋሽ ቶጋር፣ እጅዎ ከሙሽራ ጉንጭ ለሰለሰ እኮ!" እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

በ1989 ወይዘሮ ሩስታ ማርቡንን አግብተው ዱማንና ፖልታክን ወለዱ።

በማርች 1998፣ ፋብሪካው ሠራተኛ በሚቀንስበትና በየቤቱ ሩዝ በቁጠባ በሚበላበት ወቅት፣ ለሕፃናት ክሬም አምራች የሚላከው የታንከር አራት ምርት ንጹሕ ነው ብለው ፈረሙ። ማታ ለራት ሲታጠቡ የግራ እጃቸው ጀርባ ቀልቶ አዩት። ጠዋት ከታንከር አራት የቀቡት በዚያ እጅ ነበር። ያን ጊዜ ገባቸው፤ ቁጥሩን የጻፉት ጠርሙሱ ላይ ሳይሆን ክዳኑ ላይ ነው። የታንከር ሦስትንና የታንከር አራትን ጠርሙሶች አንድ ላይ ከፍተው ሲዘጉ ክዳኖቹ ተለዋውጠዋል፤ ንጹሕ ነው ብለው የፈረሙለት የታንከር ሦስቱ ናሙና ኖሯል። የታንከር አራት ምርት የተሞላባቸው በርሜሎች ግን ወደ በላዋን ወደብ ሄደዋል።

ባለቤታቸው "ዝም በል እንጂ! ማን ጠየቀህ? ሥራህን ቢነጥቁህ እነዚህን ልጆች ምን ላብላቸው?" ብለው ለመኗቸው። ይህን ወረቀት የሚጽፉት ራሳቸው ወይዘሮ ሩስታ ናቸውና አይደብቁትም። አቶ ቶጋር "የሕፃን ፊት ነው፣ ሩስታ" ብለው ብቻ በጎረቤት ሞተር ሳይክል ወደ ወደቡ ወጡ። ባለቤታቸውም ወይ ተባረው ወይ መንገድ ላይ ተገጭተው ይመጣሉ እያሉ፣ በሩን ሳይቆልፉ እስኪነጋ ጠበቁ።

በርሜሎቹ መርከብ ላይ ሊጫኑ ሲሉ ተመለሱ። እንደገና ሲመረመሩ አሲድ ተገኘባቸው። አለቃቸው "ራስህን በራስህ ከሰስክ" ብለው ወደ በርሜል ማጠቢያ አወረዷቸው። እዚያ ስድስት ዓመት ሠሩ። በ2004 ወደ ናሙና ክፍል ሲመለሱ የመጀመሪያ ትእዛዛቸው ክዳን ላይ ቁጥር እንዳይጻፍ ነበር። ከዚያች ከ1998ቷ ማታ ጀምሮም አቶ ቶጋር ቤታቸውን ቆልፈው ከተኙ በኋላ ተነሥተው የበሩን እጀታ ደግመው ሳይነኩ እንቅልፍ አይወስዳቸውም ነበር። በ2017 ጡረታ ወጡ።

አቶ ቶጋር በኩላሊት ሕመም ሁለት ዓመት ሲታከሙ ቆይተው፣ ጁላይ 16 ቀን 2023 በ62 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውና ሦስት የልጅ ልጆቻቸው አሉ። ዱማ ዛሬ የምትሠራው በዚያው ናሙና ክፍል ነው፤ ማታ ስትገባ እናቷ የእጇን ጀርባ ሳያዩ ራት አያቀርቡም።

ለማያውቋቸው ሕፃናት የተጨነቁትን አባት እግዚአብሔር እንደ ልጁ አቅፎ ይቀበላቸው።

ትናንት ማታ ዝማሬው አብቅቶ የመጨረሻው ለቀስተኛ ሲወጣ ወይዘሮ ሩስታ በሩን ቆልፈው ከባለቤታቸው አስከሬን ሣጥን አጠገብ ጋደም አሉ። ጥቂት ቆይተው ተነሡና እጀታውን ደግመው ነኩት። ተቆልፏል።