ሊሆን ለነበረው ከተማ ሊቀ መንበር

ለክቡር ጓድ ቪታሊ ሴምዮኖቪች ኦዝኖቢሺን
የቤሎዛቮድስክ ከተማ የታሪክ ማስተካከያ ኮሚሽን ሊቀ መንበር

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለባለቤትዎ ጤንነትን፣ በዚህ በጥቅምት ውርጭም የባህል ቤቱን ደረጃ ለሚወጡበት ጉልበትዎ ብርታትን እመኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ከእንቅልፍ በቀር የጎደለኝ ነገር የለም። እሱንም የወሰዱብኝ እርስዎ አይደሉም፤ ከእርስዎ በፊት የነበሩት ናቸው። እርስዎ ያደረጉት ነገር ቢኖር፣ እንቅልፌ ሊመለስ ደጅ ሲደርስ በሩን መዝጋት ብቻ ነው።

ይህን ደብዳቤ በከተማችን ጋዜጣ ላይ የማወጣው ላዋርድዎ አስቤ አይደለም። ቢሮዎ ደጋግሜ መጥቼ፣ ጸሐፊዎ «ስብሰባ ላይ ናቸው» እያለች በታላቅ ትሕትና ስለመለሰችኝ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት እናቴና እኔ የታሰረውን አባቴን ፍለጋ ስንሄድ በእስር ቤቱ መስኮት በኩል የምታናግረን ሴትም እንዲሁ ትሑት ነበረች። የከተማችን መሥሪያ ቤቶች ትሕትና ከዘመን ወደ ዘመን ሳይቀንስ መተላለፉ ያስደስተኛል።

ታይሲያ ኮንድራትየቭና እባላለሁ። ጂኦግራፊ አስተምር ነበር፤ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። የተወለድኩት ድሮ የብረት ማቅለጫው ሠራተኞች ይኖሩበት በነበረው ቤት ሲሆን፣ ዛሬም እዚያው ነኝ። አባቴ ኮንድራቲ፣ በቅርቡ በሚመረቀው የሰማዕታት ድንጋይ ላይ ስሙን በመጀመሪያው መስመር ሊቀርጹለት ያሰቡት ሰው ነው። ስለዚህም ላመሰግንዎ ይገባል፤ ምስጋናዬንም በቁጥር አስቀምጣለሁ።

አንደኛ፤ በባህል ቤቱ ስላዘጋጁት «ሊሆን የነበረው ከተማ» ስለተባለው ትርኢት። ሌኒን ሲሞት ወንበሩ ለስታሊን ሳይሆን ለትሮትስኪ ደርሶ ቢሆን ኖሮ ቤሎዛቮድስክ ምን ትመስል እንደነበር በእንጨትና በካርቶን ሠርተው አሳይተውናል። ሰፋፊ ጎዳናዎች አየሁ። ትራም አየሁ። በአባቴ ስም የተሰየመ ቤተ መጻሕፍትም አየሁ፤ አባቴ በሕይወቱ አንድ መጽሐፍ እንኳ እስከ መጨረሻው አንብቦ አያውቅም። ከወንዙ ማዶ ያለው እስር ቤት ደግሞ ቢጫ ተቀብቶ መዋዕለ ሕፃናት ሆኗል።

አስጎብኚዋ ልጅ ዓይኗ እያበራ «እማማ፣ አባትዎ የቆሙለት ወገን ቢያሸንፍ እኮ ይሄ ሁሉ ይኖረን ነበር!» አለችኝ።

«የመዋዕለ ሕፃናቱ ግንብ ለምን እንዲህ ወፈረ፣ ልጄ?»

«ለብርዱ ነዋ!»

ጂኦግራፊ ያስተማረ ሰው ካርታ ሲያይ መጀመሪያ የራሱን ቤት ይፈልጋል። እኔም የእኛን ማድቤት ፈለግሁ። በቦታው የአበባ መናፈሻ ነበር። ተመልሼ ስሄድ እግሬ መንገዱን ተጠራጠረ።

ሁለተኛ፤ ለአባቴ ስላዘጋጁለት ጽሑፍ። «እጁ በማንም ደም ያልቆሸሸ የአብዮቱ ንጹሕ ልጅ» ይላል። ይህን ያነበብኩ ዕለት ስለ ማን እንደተጻፈ ለማወቅ ስሙን ተመልሼ ማየት ነበረብኝ።

አባቴ በእርስ በርስ ጦርነቱ በትሮትስኪ ሠራዊት የተዋጋ፣ ሰውዬውን እስከ መጨረሻው ያመለከ ሰው ነበር። በዚያ ዘመን ከገበሬ እህል በሚነጥቅ ጓድ ውስጥም ነበረበት። ሲጠጣ ይተርከው ነበር። ከአንዲት ሴት ጎተራ ለዘር የቀረውን እንኳ ጠርገው እንደወሰዱ፣ ሴትዮዋም መጥረጊያውን በገዛ እጇ እንዳቀበለችው። እዚያ ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ ሌላ ብርጭቆ ይቀዳ ነበር። ስሟን አልነገረንም። ስሟን አልጠየቃትም ነበር።

ጎረቤታችን ፕሮኮፊ ከአባቴ ጋር አንድ እቶን ላይ ይሠራ ነበር። እሱ የስታሊን ወገን ነበር። ሌኒን በሞተበት ዓመት ጸደይ ላይ ለሁለቱም ሴት ልጅ ተወለደችላቸው። በጊዜው በፋብሪካው ክበብ ውስጥ ካህን የሌለበት ክርስትና ይነሣ ነበር፤ የፓርቲው ሕዋስ ጸሐፊ ልጁን በቀይ ጨርቅ ጠቅልሎ ታቅፎ ስሙን ያውጃል፣ ሠራተኛው ያጨበጭባል። ቀይ ጨርቁ ለአንድ ልጅ ብቻ የሚበቃ ስለነበር ከሁለት ቀደዱት። አባቴ የትሮትስኪንና የሌኒንን ስም አጋጥሞ እኔን «ትሮሌና» አለኝ። ፕሮኮፊ የእሱን «ስታሊና» አላት። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ሠራተኛ «ለየትኛዋ ነው ጠንከር አድርገን የምናጨበጭበው? ኋላ እንዳይቆጨን!» ብሎ ቤቱን በሳቅ ሞላው ይባላል።

መልሱ የታወቀው ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ትሮትስኪ ሲባረር ነው። እናቴ እጄን ይዛ ወስዳ ስሜን አስቀየረች፤ አባቴም ተሳስቻለሁ ብሎ ፈረመና ወደ እቶኑ ተመለሰ። ስታሊና በስሟ ኮራች። ከዚያ የእሷም ስም የሚያሳፍርበት ዘመን መጣ። እሷ ግን አልቀየረችም፤ «አባቴ ያወጣልኝን የት ልጥለው?» ትላለች።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ማድቤታችን የጋራ ነበር። ስድስት ወይም ሰባት ዓመት ቢሆነኝ ነው፤ ሁለቱ ወንዶች የጎመን ሾርባ እየበሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ።

«እስቲ ኮንድራት፣ ያንተ ሰውዬ ወንበሩን ቢይዝ ኖሮ እኔን ምን ታደርገኝ ነበር?» አለ ፕሮኮፊ።

«አንተን? የእቶኑ አለቃ።»

«ቀልዱን ተወው፣ ወንድሜ።»

አባቴ ማንኪያውን አስቀመጠ። «አስርህ ነበር» አለ። «ሥራ እንደ ውትድርና ነው፤ ተጠርቶ ያልቀረበ ከድቷል። አንተ ደግሞ ሁልጊዜ ታረፍዳለህ።»

«ኮንድራት!» አለች እናቴ። «ሰውዬው እኮ ገበታህ ላይ ነው!»

«ታዲያ ሾርባውን ጨርሶ ነዋ!»

ፕሮኮፊ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። አባቴም ሳቀ። እናቴ አልሳቀችም። ፊቷን አይቼ እኔም ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። ክቡር ሊቀ መንበር፣ ሌላኛው ቢተካ ኖሮ እንዴት ይገዛ እንደነበር ለማወቅ ያን ያህል ካርቶን ማባከን አያስፈልግዎትም ነበር። እኔን ቢጠይቁኝ ይበቃ ነበር።

ሦስተኛ፤ ፕሮኮፊን ከድንጋዩ ላይ ስላስቀሩበት ምክንያት። ኮሚሽንዎ ሁለት ነገር ጠቅሷል። አንደኛው፣ አባቴ ከፓርቲው እንዲባረር በተሰበሰቡ ጊዜ ፕሮኮፊ እጁን አንሥቷል። እውነት ነው። ሁለተኛው፣ አባቴ ሲያዝ ፕሮኮፊ በምስክርነት ቆሟል። ይህም እውነት ነው። ቤት ሲፈተሽ ጎረቤት ይቆም ዘንድ ሕግ ያዛል፤ ያ ዘመን ለሕግ ጥንቁቅ ነበር።

ያልጠቀሱትን እኔ ልጨምርልዎ። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነው። ገና አልመሸም፣ እራት ላይ ነን። ሊይዘው የመጣው የምስጢር ፖሊስ መኮንን ፍተሻውን ጨርሶ አባቴን «ተነሥ፣ ልበስ» አለው። አባቴ ከወንበሩ ብድግ አለ። ያኔ በሩን ተደግፎ የቆመው ፕሮኮፊ አፉን ከፈተ።

«ጓድ መኮንን፣ ሾርባውን ይጨርስ።»

«ምን አልክ?»

«ሾርባውን። ይቀዘቅዝበታል።»

መኮንኑ ፕሮኮፊን አየው። ከዚያ ጠጋ ብሎ ስሙን ጠየቀው። ፕሮኮፊ ስሙን ከነአባቱ ስም ተናገረ። አባቴ ተቀመጠና በላ። ቀስ ብሎ በላ። ሳህኑን በጥቁር ዳቦ ጠረገው። ሲነሣ ወደ ፕሮኮፊ ዞሮ «ጨው አንሶታል» አለው። አባቴ በቤታችን የተናገረው የመጨረሻ ቃል ይኸው ነው። በድንጋይ የሚቀረጽ አይደለም፤ አውቃለሁ።

በቀጣዩ ዓመት ፕሮኮፊን ሊወስዱት መጡ። ምስክር እንድትሆን የተጠራችው እናቴ ናት። ማንንም አላስፈቀደችም። ድስቱን ከፈተች፣ ቀዳች፣ ጨው ጨመረችበት፣ ፊቱ አስቀመጠችለት። መኮንኑ ሌላ ሰው ነበር። ሁሉም እስኪበላ ጠበቁት።

ሁለቱም አልተመለሱም። መቃብራቸው የት እንደሆነ እርስዎም እኔም አናውቅም።

አራተኛ፤ ስታሊና ፕሮኮፊየቭና። ከኮሪደሩ ማዶ ትኖራለች፤ ማድቤቱን ዛሬም እንጋራለን። እግሯ እንደ ልብ አይሄድላትም። በመስኮቷ ላይ ለምረቃው ቀን ብላ የምትንከባከባቸው አበቦች አሉ። በሕይወቷ ለአባቷ አበባ የምታስቀምጥበት ቦታ ኖሯት አያውቅም። ሰሞኑን ድንች እየላጠች እንዲህ አለችኝ፦

«ታያ፣ የእኔ አባት ስም ከላይ ነው ከታች?»

«እስካሁን አልነገሩኝም።»

«ከታች ከሆነ ማጎንበስ አልችልም፤ አንቺ ታስቀምጪልኛለሽ። አደራ ታዲያ፣ ለአባትሽ አድልተሽ ወደዚያ እንዳትገፊው! አውቅሻለሁ።»

«አልገፋም።»

ሳቀች። እኔ የምልጠውን ድንች እስኪያልቅ ላጥኩት። የኮሚሽኑ ውሳኔ በዚያች ሰዓት ኪሴ ውስጥ ነበር። አልነገርኳትም። በኮሪደሩ እግሯን ስትጎትት በሰማሁ ቁጥር ልትጠይቀኝ ነው እያልኩ እጠብቃለሁ። ዛሬ ይህን ጋዜጣ ስታነብ አጠገቧ እቀመጣለሁ። ከእርስዎ ማኅተም ይልቅ ከእኔ ብትሰማው ይሻላል።

አምስተኛ፤ አምስተኛውን አስቤው ነበር። ጠፋብኝ።

ምናልባት ይህ ነው። እርስዎ የሠሩት ያ የካርቶን ከተማ አይለቀኝም። ዓይኔን ስጨፍን እገባበታለሁ። ትራሙ ያልፋል፣ መብራቱ ያምራል፣ በቢጫው ግንብ ውስጥ ሰዎች አሉ። ፕሮኮፊ ተቀምጦ እየበላ ነው፤ በሩን ተደግፎ የቆመው አባቴ ነው። «ይጨርስ» ይላል ወይስ አይልም? እጠብቃለሁ። አፉን ሊከፍት ሲል እነቃለሁ። ስሟን ያልጠየቃት ሴት ትዝ ትለኛለች። አላውቅም፣ ክቡር ሊቀ መንበር። ልጁ ነኝ፣ ግን አላውቅም። እርስዎ በምን አወቁ? በዚያኛው ከተማ ይህን ደብዳቤ የምትጽፍልዎት ስታሊና ናት። ድንች እየላጥኩ ከላይ ነው ከታች ብዬ የምጠይቃት እኔ ነኝ። እርስዎ ግን በሁለቱም ከተማ ሊቀ መንበር ነዎት፤ ለዚህ ጽናትዎ ያለኝን አድናቆት ሳልገልጽ ማለፍ አልችልም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። ለእርስዎ ግን ይህ አባባል አይሠራም፤ ጅቡ ሳለም የእርስዎ ድምፅ በስብሰባዎች ላይ ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር።

እንግዲህ የአባቴን ስም ለመቅረጽ የልጁ ፊርማ ያስፈልጋል ብላችሁኛል። እነሆ መልሴ። ሁለቱ ስሞች በአንድ መስመር ላይ፣ ጎን ለጎን፣ ስታሊና ሳታጎነብስ በምትደርስበት ከፍታ ይቀረጹ። «ንጹሕ» የሚለው ቃል ከሁለቱም ይቅር። ይህ ካልሆነ አልፈርምም፤ የአባቴም ስም ይውጣ። እኔና እሷ አበባችንን ማድቤታችን ውስጥ፣ የበሉበት ጠረጴዛ ላይ እናስቀምጣለን። ያ ቦታ በእርስዎ ካርታ ላይ መናፈሻ ስለሆነ አበባ አይከለከልበትም ብዬ አምናለሁ።

ውድ ጊዜዎን ከሁለቱ ከተሞች ከአንዱ ቀንሰው ይህን ስላነበቡልኝ፣ ወንበርዎ እንዲጸና እየተመኘሁ፣ ለሚቀጥሉት ማስተካከያዎችዎ ሁሉ አስቀድሜ እጅ እየነሣሁ፣

አንድ ጊዜ ትሮሌና የነበርኩት፣ አክባሪዎ
ታይሲያ ኮንድራትየቭና

ማሳሰቢያ፤ ፕሮኮፊ ከድንጋዩ ላይ ይቅር ተብሎ ድምፅ ሲሰጥ ከኮሚሽኑ አባላት መካከል እጁን ያላነሣው ወጣቱ የታሪክ መምህር ብቻ እንደነበር፣ እሱንም ለማሰናበት ለነገ ቀትር ስብሰባ መጥራታችሁን ሰማሁ። በውሳኔያችሁ ጣልቃ አልገባም። ቀትር የምሳ ሰዓት ስለሆነ ብቻ አንድ ነገር እለምንዎታለሁ፤ ሾርባውን ይጨርስ። በከተማችን እስካሁን ማንም ያልከለከለው ልማድ ነው።