እትዬ ፍሬን በስሙ የጠሩት ሕመም

ስማቸው በዚህ የሽኝት ፕሮግራም ሽፋን ላይ ከፎቶግራፋቸው በታች ሰፍሯል። ይሁን እንጂ ዛሬ ሊሸኟቸው ከመጡት አብዛኞቹ የሚያውቋቸው እትዬ ፍሬን በሚለው ስም ነው። ጽሑፉን ያዘጋጁት ታናሽ ወንድማቸውም በዚሁ ይጠሯቸዋል።

እትዬ ፍሬን ከጭነት መኪና ሾፌር አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1947 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው ከመንገድ ሲመለሱ መኪናውን ደጃፍ ላይ ያቆሙት ስለነበር፣ ሴት ልጃቸው ፊደል ከመቁጠሯ በፊት ማርሽ መቁጠሯን እናታቸው ለጎረቤት ሲያማርሩ ኖረዋል። የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ትምህርት ቤት አጠናቀው በ1966 ዓ.ም. በአውቶቡስ መናኸሪያ ቲኬት ቆራጭ ሆነው ተቀጠሩ። ሥራውን አልወደዱትም። ሌላው ሲሄድ እሳቸው በመስኮት እያዩ መቅረት አልሆነላቸውም። መንጃ ፈቃድ አወጡና በ1971 ዓ.ም. በአንድ የአሽከርካሪዎች ማሠልጠኛ የመጀመሪያዋ ሴት አሠልጣኝ ሆኑ፤ ጡረታ እስኪወጡም እዚያው ሠሩ።

የማሠልጠኛ መኪና በአሠልጣኙ በኩል ሁለተኛ ፍሬን አላት። ሌሎች አሠልጣኞች ይህችን ፍሬን ቀስ አድርገው ይረግጡና ተማሪው ራሱ ያቆመ እንዲመስለው ዝም ይላሉ። እትዬ ግን በረገጡ ቁጥር፣ “ፍሬን! የያዝኩት እኔ ነኝ” ብለው ይናገሩ ነበር። ተማሪ ማን እንዳዳነው ካላወቀ ነገ ብቻውን ሲወጣ ሰው ይገጫል የሚል እምነት ነበራቸው። በዚህ የተነሣ ያኮረፏቸው ብዙ ናቸው። አንድ የባንክ ሥራ አስኪያጅ መኪናዋን መንገድ መሐል ጥለው በእግራቸው ሄደዋል፤ በማግሥቱ ግን ተመልሰው መጡ። ዛሬም በመካከላችን እንደሚገኙ ይገመታል።

በ1973 ዓ.ም. የማሠልጠኛውን መኪኖች ከሚጠግኑት መካኒክ ጋር ትዳር መሠረቱ። ባለቤታቸው ቁጥብ ሰው በመሆናቸው እትዬ የሁለቱንም ድርሻ ይናገሩ ነበር። አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አፍርተው፣ አስተምረው፣ ለወግ ለማዕረግ አብቅተዋል።

በ2013 ዓ.ም. ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ያጥራቸው፣ ምንም ሳይመታቸውም ክንዳቸው ይበልዝ ጀመር። ሐኪሞች ደማቸውን ከመረመሩ በኋላ ወደ ውጭ አገር ሄደው እንዲታከሙ መከሩ። ውጤቱን የነገሩት ግን ለወንድ ልጃቸው ነው። እሱም ለእናቱ ደም ማነስ እንደሆነና እዚያ ጥሩ መድኃኒት እንዳለ ነገራቸው። በዚህ የወቀሰው የለም። በእኛም ሆነ በብዙዎቻችሁ ቤት ለታማሚ ክፉ ወሬ አይነገርም። የበሽታው ስም በቦታው ይጠቀሳል።

በ2014 ዓ.ም. እናትና ልጅ ተያይዘው ሄዱ። ሆስፒታሉ ለውጭ አገር ታካሚዎች የተለየ ቢሮ ነበረው። የእትዬ ስም ተሳስቶ የተጻፈበት የፕላስቲክ አምባር እጃቸው ላይ አሰሩላቸው። የክፍላቸው መስኮት አይከፈትም፤ የመኪና ማቆሚያውን ግን ወለል አድርጎ ያሳያል። እትዬ ወደ ኋላ ማቆም ያቃታቸውን ሾፌሮች ሲተቹ ይውሉ ነበር። ዶክተሯ መጥተው ብዙ ይናገራሉ፤ ልጅየው “ጥሩ ነው እያሉሽ ነው” ብሎ ያሳጥረዋል። እትዬ አንድም ቀን ለምን አጠረ ብለው አልጠየቁም።

ከባዱ ሕክምና ሊጀመር ሲል ታካሚዋ ራሳቸው ሰምተው መፍቀድ ስላለባቸው፣ የሆስፒታሉ አስተርጓሚ በስልክ ቀረበች። ድምጿ ከአልጋው አጠገብ ባለው ማጉያ ይሰማል። ልጅየው እናቱ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲያያቸው የተኙ መሰለው። ወደ ስልኩ ጎንበስ ብሎ፣ በሞቴ፣ የበሽታውን ስም ዝለይው ብሎ ለመናት። አስተርጓሚዋ ደግሞ በክፍሉ ውስጥ የተባለውን ሁሉ መተርጎም ግዴታዋ ነበርና፣ ልመናውንም አንዲት ቃል ሳታስቀር ለዶክተሯ ተረጎመችው። ዶክተሯ ልጅየውን አዩት። እትዬ ፍሬን ዓይናቸውን ገልጠው አስተርጓሚዋን እንዲህ አሏት፦

“የኔ ልጅ፣ እኔው ልስማው። ልጄ ብቻውን ይዞት ደክሞታል።”

አስተርጓሚዋ ነገረቻቸው። ፈቅደው ፈረሙ። ልጃቸውን በዚያ ጉዳይ አልተቆጡትም፤ ፍሬን ስትይዝ አትነግረኝም እንዴ ብለው አለፉት። እሱ ግን ከዚያም በኋላ ቃሉን ከአፉ ማውጣት አልቻለም። ለሚደውሉ ዘመዶች “ያው ነገሩ” ይል ነበር። አንድ ቀን ኮሪደር ላይ ሆኖ ለአባቱ በሽታውን በስሙ ጠርቶ ሊነግራቸው ጀመረና ስልኩን ዘጋው። እናቱ በበሩ ክፍተት ያዩት ነበር።

ሕክምናው ለጊዜው ሠመረ። ፀጉራቸው አልቆ እንደገና በቀለ። ወንድማቸው መቅኔ ለመስጠት ቢመረመሩም የሁለቱ አልተስማማም፤ እትዬም ከልጅነታችን ጀምሮ መች ተስማምተን እናውቃለን ብለው ሳቁ። በ2015 ዓ.ም. ሕመሙ ተመልሶ መጣ። ዶክተሯ ሌላ ብርቱ መድኃኒት እንዳለ፣ ተስፋው ግን የመነመነ እንደሆነ ነገሯቸው። እትዬ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከሚጨመርላቸው ዕድሜ ምን ያህሉን አልጋ ላይ እንደሚያሳልፉት። አብዛኛውን ሲባሉ ወደ ቤታቸው መመለስን መረጡ። ልጃቸው እንዲቆዩ አልቅሶ ለመናቸው። እንባውን ጠርገውለት ሻንጣቸውን አስዘጉት።

ቤታቸው ከገቡ በኋላ ጠያቂ ሁሉ “ያ ክፉ በሽታ” እያለ ሲያድበሰብስ በስሙ ጠርተው ያርሙት ነበር። ጠያቂው ይደነግጣል፣ መሬት መሬት ያያል። የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ ግን አንድ ቀን ከሳቸው ዘንድ ወጥቶ ወደ ቤቱ ሄደና ከሚስቱ ደብቆት የኖረውን የራሱን ሕመም ነገራት፤ አሁን በሕክምና ላይ ነው። ይህ የተጻፈው ፈቃዱ ተጠይቆ ነው።

እትዬ ፍሬን ሊያርፉ ሲቃረቡ ወንድማቸውን አስጠርተው ስለዚህ ጽሑፍ አዘዙ። “ባደረባቸው ሕመም ሲረዱ ቆይተው” ተብሎ እንዳይጻፍ፣ የበሽታው ስም እንዲገለጽ፣ ጽሑፉንም ወንድ ልጃቸው ቆሞ እንዲያነበው። ወንድማቸው ልጁ ይህን እንደማይችለው ቢነግሯቸው እንዲህ ሲሉ መለሱ፦

“ይችለዋል። አንዴ ሰው ፊት ካለው ይቀለዋል። እኔ ከሄድኩ በኋላ ተሸክሞት እንዲዞር አልፈልግም።”

ስለዚህ እትዬ ፍሬን በመጋቢት ወር 2016 ዓ.ም.፣ በተወለዱ በስድሳ ዘጠኝ ዓመታቸው፣ በገዛ አልጋቸው ላይ፣ ባለቤታቸው እጃቸውን እንደያዙ፣ በደም ካንሰር ሞቱ።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ ወንድማቸውንና በየመንገዱ የሚነዱ ተማሪዎቻቸውን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ ለነፍሳቸው ሰፊ ማረፊያ፣ ለሚወዷቸውም ብርታት ይስጥ።

ከትእዛዛቸው አንድ ይቀራል። ልጃቸው አንብቦ ሲጨርስ ማንም ምንም እንዳይለው፤ ከአባቱ አጠገብ ቦታ ይለቀቅለት፣ ይቀመጥ፣ ውኃም ይሰጠው።